ተረኛው ተከሳሽ

«ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የብሎኬት ሰፈር ነዋሪ በሙሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳትል ስማ! ዛሬ ረቡዕ ነው።»

ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ፤ ማስታወቂያውም ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ተደገመ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከመብራት ምሰሶው ላይ ነው፤ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ የነበሩት የጋሽ ሻረው ድምፅ ነው። ጋሽ ሻረው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሥራቸውን ግን አላቋረጡም። የገዛ ቀብራቸውን የለፈፉትም ራሳቸው ናቸው። በዕለቱ የነበሩ ሰዎች፣ ሳይንተባተቡ ደኅና አድርገው ነው የለፈፉት ይላሉ።

ረቡዕ መለወጫ ነው። ፖሊስ ያለፈውን ተረኛ ይመልስና አዲሱን ይወስዳል። ሐሙስ ችሎት አለ። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት በብሎኬት ሰፈር ሰው ቶሎ ይነሣል፣ ደጁን ይጠርጋል፤ ተራው የደረሰው ቤት ደግሞ እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ወለሉን ወልውሎ ይጠብቃል።

የዚያን ረቡዕ ተራው የምንዳዬ ቸኮል ነበር። ምንዳዬ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለተቃረበ ቤቱ ሰማያዊ ጨርቅ በሰማያዊ ጨርቅ ሆኗል፤ ክምሩ የእናቱን አልጋ ከልሎታል። እናቱ እማማ ብርነሽ አልጋ ከያዙ ከርመዋል። ጥሩምባው ሲያበቃ ከጨርቁ ጀርባ ድምፃቸው ተሰማ።

«ማነው ዛሬ የሚታሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ እማ።»

«ኧረ ደግ። ካፖርትህን እንዳትረሳ።»

የነገሩ አመጣጥ አጭር ነው። በአያቶች ዘመን ፍርድ ቤት ለፖሊስ «ተከሳሹን ይዘህ አቅርብ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ፖሊስም «አፈላልገን አጣነው» ብሎ ይመልስ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ይሰጥና ያንኑ መልሶ ይጽፋል፤ ፖሊስም ያንኑ ይመልሳል። አንዳንዴ ተከሳሹ መልሱን ከሚጽፈው ፖሊስ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር ይባላል። ያን ጊዜ ሰው ይከራከር ነበር። ፍርድ ቤት ፖሊስን ማዘዝ አለበት የሚል ነበር፤ ካዘዘ አይቀር የሚሰማውን ይዘዝ የሚል ነበር፤ ገና ያልተፈረደበት ሰው ለምን ይያዛል የሚልም ነበር። ሁሉም እውነት ነበራቸው። እየተከራከሩ ሳለ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሳይፈጸም አይደር የሚል አዋጅ ወጣ። ፖሊስ ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን ቀርቦ አያውቅም። ተከሳሹ ከሌለ ወንድሙን፣ ወንድም ከሌለው ሚስቱን፣ ሚስት ከሌለው በር የከፈተለትን ሰው ይዞ ይቀርባል።

ሰፈሮች አጉረመረሙ። ያጉረመረሙት ሰው ስለታሰረ አይደለም፤ እስሩ ስላዳላ ነው። ሁልጊዜ የሚያዘው ቤቱ መንገድ ዳር የሆነ ድኻ ነበር። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደግ ሰዎች ስለነበሩ፣ ድንኳን ተካይና መቃብር ቆፋሪ በተራ እንደሚወጣ ሁሉ ታሳሪም በየቤቱ በተራ ይውጣ ብለው ቆረጡ። መንግሥት ነገሩን ወደደው፤ ሕዝቡ በፍትሕ ሥራ መሳተፉ ነው አለ። ፖሊስ በታሳሪው ክንድ ላይ የሚቆልፈው ባለ መብራት አምባር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አምባር ያጠለቀ ሰው፣ አምባሩ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ሕጉ የሚለው ይኸንን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የጠየቀም የለም።

ብሎኬት ሰፈር ያለበት ክስ አንድ ነው፤ ሰፈሩም በዚህ ይኮራል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት የብሎኬት ማምረቻ ባለቤት፣ ልሳኑ በዛብህ፣ ብርቅነህ ወልዴ የሚባል የቀን ሠራተኛ በአካፋ መትቶ በመግደል ተከሷል። የመታው በጠራራ ፀሐይ፣ በግቢው መካከል፣ ለምሳ በተቀመጠው ሠራተኛ ፊት ነው። ምክንያቱ ብርቅነህ የተሰነጠቀ ብሎኬት ከደኅናው ጋር ደባልቋል የሚል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልሳኑ አልተገኘም። ማምረቻው በየጠዋቱ ይከፈታል፤ የሚከፍተው ልሳኑ ነው። የዕድሩን አዳራሽ ግድግዳ ያሠራው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሁሉም ኋላ ይወጣል። ግን አልተገኘም። ከሰፈሩ ሰው የሚበዛው በየተራው ልሳኑ በዛብህን ሆኖ ታስሮ ተመልሷል።

ተራ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ቀጠሮ አለና። ዳኛው ለሌላ ቀጠሮ ይለዋል፣ የታሰረው ይመለሳል፣ ቀጣዩ ቤት ይሄዳል። በብሎኬት ሰፈር ልጅ ሲመረቅ «ቀጠሮ አይንፈግህ» ይባላል። የሚያስፈራው ፍርድ ነው። ፍርድ የሚወድቀው አምባሩ ላይ ነው፤ ፍርድ የወደቀበት አምባር ደግሞ ከክንድ አይወልቅም።

ልሳኑ እንደ ደንቡ ከፖሊስ ቀድሞ ደረሰ። ብርድ ልብስ ይዟል። ምንዳዬ ከስፌት መኪናው ሊነሣለት ሲል በሁለት እጁ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው።

«በእግዜር፣ አትነሣ። ለእኔ የምትሄድ ሰው እንዴት ለእኔ ትነሣለህ?»

ምንዳዬ፣ ምን አለ ጋሼ፣ ተራ ነው አለ። ልሳኑ፣ ተራም ቢሆን ውለታ ውለታ ነው አለ። የእማማ ብርነሽን ጤና ጠየቀ፤ የአንዱን ኮት ስፌት ገልብጦ አይቶ አደነቀ። ከዚያ ስለ ጣቢያው ይመክረው ጀመር። በመስኮቱ በኩል ያለውን አልጋ እንዲይዝ፣ የግድግዳው እርጥብ ስለሆነ ወገብ እንደሚይዝ፣ ከማለዳው ውሃ በፊት መታጠብ እንደማያዋጣ ነገረው። ልሳኑ ራሱ ታስሮ አያውቅም። ነገር ግን የታሰሩለት ሰዎች ሁሉ እየተመለሱ ስለሚያጫውቱት ክፍሉን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

የምንዳዬ ሚስት እቴነሽ ስንቅ እየቋጠረች ታዳምጥ ነበር። ምላሷ የታወቀ ነው።

«ጋሽ ልሳኑ፣ እርስዎ ግን አንድ ቀን አይናፍቅዎትም? ስምዎ እኮ ከዚያ ወጥቶ አያውቅም።»

ልሳኑ ሳቀ። ምንዳዬም ሳቀ። ከጨርቁ ጀርባ እማማ ብርነሽም ምን እንደሆነ ሳይሰሙ ሳቁ። ልሳኑ ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ደግሞ ትንሽ ሳቀ።

ሳጅን ደምሰው መኪናዋን ደጅ አቁሞ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ እማማን ሰላም አለ፣ ከልሳኑ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሳሳመ፣ ከዚያ ኮፍያውን አጥልቆ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልሳኑ በዛብህ የሚባል ተከሳሽ እዚህ ቤት አለ?»

ምንዳዬ እንደ ደንቡ «እኔ ነኝ» አለ። ልሳኑ እንደ ደንቡ የጨርቁን ክምር ያይ ነበር። የምንዳዬ የሹራብ እጅጌ ጠባብ ስለነበር አምባሩ አልገባ አለ፤ ሳጅኑ «ጋሼ፣ እስቲ እጅጌውን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» አለና ልሳኑ ሰበሰበለት። አምባሩ ተቆለፈ። ወዲያው የስፌት መኪናው መሥራት አቆመ፤ አምባር ያጠለቀው የምንዳዬ እጅ የማያውቀው ሰው እጅ ሆኖበት ነበርና። የቤቱ በርም በዚያ ለስላሳ ድምፁ ለምንዳዬ፣ ልሳኑ በዛብህ የዚህ ቤት ነዋሪ አለመሆናቸውን ገልጾ፣ ጉብኝታቸውን እንዲያሳጥሩ በትሕትና አሳሰበ። እቴነሽ ስልኳን አየች። የባሏ ስም ከነበረበት ቦታ ላይ አሁን የልሳኑ ስም አለ። ይሄ ለማንም አዲስ አይደለም።

አዲስ የሆነው ጥሩዬ ናት። ጥሩዬ ጉሊት ቸርቻሪ ናት፤ ያለፈው ተራ የእሷ ነበር። የተመለሰ ተረኛ ከመኪና ሲወርድ እልል ይባልለታል፤ ጎረቤቱ ተሰብስቦ እልል ሊል አፉን ሲከፍት እሷ እልልታውን በእጇ አቆመችው። ሰተት ብላ ገባችና የእቴነሽን ክንድ ያዘች። ትናንት ለጣቢያው ከፍርድ ቤት የመጣውን መልእክት በጆሮዋ መስማቷን ነገረቻት። የተሾሙት አዲሷ ዳኛ መዝገቡን አንብበዋል። እስከ መጨረሻው አንብበዋል። የነገው ቀጠሮ ለፍርድ ነው።

እቴነሽ ሳጅኑን አየችው። ሳጅን ደምሰው ትእዛዝ ማስፈጸም እንጂ ወሬ ማስተላለፍ የሥራ ድርሻው እንዳልሆነ፣ ደግሞም ሰው አስቀድሞ ማስደንገጥ እንደማይወድ ተናገረ። ልሳኑ ብርድ ልብሱን እንደገና አጣጥፎ ስንቁ ላይ አስቀመጠው፤ ቀድሞም የታጠፈ ነበር።

ተረኛ የሚሸኘው ከዕድሩ አዳራሽ ነው። ወንበር ተደርድሮ፣ ሻይ ተፈልቶ፣ የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ፈንታሁን መርቀው ነው የሚሸኙት። የዚያን ቀን ሻዩን የጠጣው ሳጅኑ ብቻ ነበር። ምንዳዬ አምባር ባጠለቀው እጁ ብርጭቆ ይዞ ከሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀመጠ።

ነገ ፍርድ ነው መባሉን ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ያውቃሉ። ከትናንት ጀምሮ ያውቃሉ። ታዲያ እንዴት ዝም አሉ ቢላቸው፣ ተራ ተራ ነው፣ ዛሬ ለአንተ ስል ካዘለልኩት ነገ ማን ይቆምልኛል አሉት። ደግሞ የፈሩት ሁሉ አይደርስም፤ ዳኞች ለፍርድ ብለው ቀጥረው መብራት ጠፋ ብለው ስንቴ አልፈውታል።

«በማዶው ሰፈር ግን ወድቋል፤» አለ ምንዳዬ።

ጋሽ ፈንታሁን አልካዱም። በማዶው ሰፈር፣ ባልቴት ናቸው፣ የአንድ ጎረምሳ የውንብድና ክስ ላይ በተራቸው ሄደው ፍርዱ ወደቀባቸው። አሁንም እዚያው ናቸው። ልጆቻቸው ሲደውሉላቸው በጎረምሳው ስም ካልጠሯቸው መስመሩ አይገናኝም፤ ስለዚህ በስሙ ይጠሯቸዋል። ጎረምሳው አሁን ጎልማሳ ነው፤ በየበዓሉ ለባልቴቷ ልጆች ሥጋ ይልካል።

ምንዳዬ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ በብሎኬት ሰፈር ማንም ጮክ ብሎ ተናግሮት የማያውቀውን ተናገረ፤ ጮክ አላለም፣ ግን አዳራሹ ጸጥ ያለ ስለነበር ሁሉም ሰማው።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ነገ እንኳ እሱ ራሱ ለምን አይሄድም?»

 ሊቀመንበሩ የመለሱለት በቁጣ አይደለም፤ የማይገባው ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነው።

«እሱ እኮ አልተገኘም።»

ልሳኑ ከአዳራሹ ጥግ ወንበር እየደራረበ ነበር። ወንበሮቹን እንዳይንኳኩ አድርጎ መደራረቡን ቀጠለ።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ ምንዳዬ ጆሮ ጠጋ አሉ። እናቱ እንዴት እንዳደሩ ጠየቁት። እንደ ነበሩ ናቸው አለ። «አይዞህ፤ ምንም ቢሆን ቀባሪ ያላቸው ሰው ናቸው፤» አሉት፤ «ዕድር ያላቸው ሰው ናቸው። ትልቅ ነገር ነው።» ከዚህ በላይ አልተናገሩም፤ ምንዳዬም ከዚህ በላይ አላስፈለገውም። ችሎት ላይ ስሙ ሲጠራ አይደለሁም ያለ ተረኛ ቤቱ በሙሉ ከዕድር ይወጣል። አንድ ጊዜ አንድ አባወራ እንዲህ አድርጎ ነበር። ሚስቱ ስትሞት ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፤ ሬሳዋን በእጅ ጋሪ ብቻውን ገፍቶ ሲያልፍ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሲያለቅሱ ተሰምቷል። ደንብ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ቆመው መረቁ። ሄደህ ና፣ ቀጠሮ ይስጥህ አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ልሳኑም አሜን አለ።

በማግስቱ የብሎኬት ሰፈር ዕድር እንደ ደንቡ ችሎቱን ሞላው። ተረኛ ችሎት ሲቀርብ ዕድርተኛ መገኘት አለበት፤ ለቅሶ እንደ መድረስ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። ልሳኑ ቀርቶ አያውቅም። ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ከሰፈሩ ሰዎች ጋር በኋለኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ በሩን ይዞ ሳጅን ደምሰው ቆሟል።

ችሎት ሳይገባ ምንዳዬን ኮሪደሩ ላይ የሟች አባት አገኙት። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው እየመጡ አንድም ቀጠሮ አልቀሩም። የእሳቸውም ድርሻ የታወቀ ነው። ተከሳሹ ሲቀርብ ይነሡና «ልጄን የበላህ፣ ዘርህ አይብቀል» ብለው ይረግማሉ፤ ርግማኑ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ ውጭ ይወጡና የረገሙትን ሰው እጅ ይጨብጣሉ። ጥሩዬን ረግመዋል፤ ጎረቤቷን ረግመዋል፤ የዕድሩን ሊቀመንበርም በተራቸው ረግመዋል። ምንዳዬን ስለ እናቱ ጠየቁት። እግዜር ይማራቸው አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

«ልጄ፣ ዛሬ ፍርድ ነው ስላሉ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው የምራገመው። እንዳትቀየመኝ።»

ምንዳዬ ኧረ ምን ገዶኝ አለ።

ዳኛ ወይንሸት ጠና ያሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። መዝገቡን ፊታቸው ዘርግተው፣ የጀመሩት ከጸሐፊው ሳይሆን ከበሩ ነበር። ተከሳሹን ይዞ ያቀረበው ፖሊስ የቱ እንደሆነ ጠየቁ። ሳጅን ደምሰው እኔ ነኝ አለና ሰላምታ ሰጠ።

«የት ያዝከው?»

«ቤቱ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ምን ሲያደርግ?»

ሳጅኑ ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ዳኛ አልነበረም። ስላልተዘጋጀበት እውነቱን ተናገረ።

«ዩኒፎርም ሲሰፋ።»

ዳኛዋ መዝገቡን አዩ። ተከሳሹ የብሎኬት አምራች ነው ይላል። የሚሰፋው ምናልባት ለመዝናኛ ይሆናል አሉና ጻፉ። ማንም አልሳቀም። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ የተከሳሽ ማንነት የሚረጋገጠው በአምባር መሆኑን፣ አምባሩም ትክክል መሆኑን፣ ሥራው ምን እንደሆነ ለጉዳዩ አግባብነት እንደሌለው አስረዳ። ዳኛዋ አመሰገኑት፤ እንዲቀመጥም ነገሩት።

ጋሽ ወልዴ ተነሥተው ተራቸውን ሠሩ። እንደተናገሩት ጠንከር ያለ ነበር። ምንዳዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። 

ከዚያ ዳኛዋ መናገር ጀመሩ። የሚናገሩት ለመዝገቡ ይመስል ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ይህን መዝገብ ሳነብ ሁለት ነገር አየሁ። ይያዝ ብዬ ካዘዝኩ ፖሊስ ሰው ይዞልኝ ይመጣል። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብቻ ሰው ነው። አላዝም ብዬ ከተውኩት ደግሞ አካፋ ያነሣ ሁሉ ቤቱ ገብቶ ያርፋል። ከእኔ በፊት እዚህ የተቀመጡት ቀጠሮ እየሰጡ ያለፉት ሰንፈው አይመስለኝም። ሁለቱንም ፈርተው ነው። እኔም እፈራለሁ። ግን የሟች አባት አርጅተዋል፤ ቀጠሮ አልሰጥም። ስሙ ሲጠራ አለሁ ባለው ሰው ላይ እፈርዳለሁ።»

ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል። ፍርድ ሳይነበብ በፊት ተከሳሹ በሙሉ ስሙ ይጠራል። አምባሩ ያበራል፤ ግን መብራት አይበቃም፣ ከንፈር መመለስ አለበት። መልሱን የሰጠ ሰው ፍርዱን ወሰደ። ምንዳዬ ፍርዱ ሃያ ዓመት ሊሆን እንደሚችል ሌሊቱን ከመስኮት በኩል ካለው አልጋ ላይ ሆኖ ሲያሰላ አድሯል። እናቱ ሃያ ዓመት አይቆዩም። ዝም ካለ ግን፣ ሲሞቱ የሚያነሣቸው አያገኙም። ሁለቱንም መንገድ በሐሳቡ ሄዶ አይቷቸዋል፤ የሁለቱም መጨረሻ ያው ነው፤ በአንደኛው በኩል እሱ ሬሳቸውን በጋሪ ይገፋል፣ በሌላኛው ቀብራቸው ላይ እሱ የለም።

ችሎት አስከባሪው ተነሣ።

«ተከሳሽ አቶ ልሳኑ በዛብህ!»

በምንዳዬ ክንድ ላይ አምባሩ አረንጓዴ አበራ። ምንዳዬ አፉን ከፈተ።  ከኋላ አግዳሚው ተንቋቋ፤ ሊቀመንበሩ ጋሽ ፈንታሁን ወደ ፊት ዘንበል ብለው ነበር። እቴነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳለች።

ችሎት አስከባሪው ደገመ። አምባሩ ደግሞ አበራ። ምንዳዬ አፉን ዘጋ። አለሁም አላለም፣ አይደለሁምም አላለም። ቆሟል ብቻ። ዐቃቤ ሕጉ ለጸሐፊው፣ ተከሳሹ በዝምታ ማረጋገጡ ይመዝገብ አለ። ዳኛዋ ዝምታ አይመዘገብም አሉ።

መዝገቡን ዘጉት። መነጽራቸውን አወለቁና በካባቸው ጫፍ ጠረጉት። የተከሳሹን ሳጥን አልተመለከቱም፤ አዳራሹን ሁሉ፣ ከፊተኛው አግዳሚ እስከ በሩ፣ አንድ ጊዜ በዓይናቸው አዳረሱት። ከዚያ «ተከሳሽ» አላሉም፤ «አቶ» አላሉም፤ የአባት ስምም አልጨመሩም። ሲመሽ ከደጅ ልጇን እንደምትጣራ እናት፣ ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ፣ መጨረሻውን ሳብ አድርገው ጠሩት።

«ልሳኑ!»

«አቤት።»

ድምፁ የመጣው ከበሩ በኩል ነው። ፈጣን ነበር፤ በደንብ ያደገ ልጅ መልስ ነበር። ልሳኑ በዛብህ ከአግዳሚው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ጥቁር ካፖርቱን በአንድ እጁ ሰብስቦ፣ ፊቱን ወደ ጠሪው አዙሮ፣ ምን ላምጣ እንደሚል ሰው ቆሞ ነበር። ምን እንዳደረገ የገባው ከቆመ በኋላ ነው፤ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲገባው ታየ።

አንድ ሰው እንኳ አልተነቃነቀም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እግሩን ያይ ጀመር። ሳጅን ደምሰው ከልሳኑ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል፤ ጣሪያውን ያይ ነበር። የጸሐፊው እጅ በአየር ላይ ቀረ። ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ዞረውም አዩት። ርግማናቸውን ግን ቀድሞ በምንዳዬ ላይ ጨርሰውት ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። ለፖሊስ ምንም አላዘዙም፤ ገና አልተናገሩም፣ ይጠብቁ ነበር። ልሳኑም ይጠብቅ ነበር። አቤት ብሎ የተነሣ ሰው፣ የጠራው ቁጭ በል ካላለው በቀር አይቀመጥም።

ማንም ቁጭ በል አላለውም።